ለባሌ የተመረቀ የባሊ መንገድ

በቅድሚያ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እጄ ዛሬም ብዕሩን እንደ ዘነዘና ነው የሚጨብጠው። የሚጽፉ ሰዎች ሞልተው እኔን ምን አገባኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተውኩት። ግን የድርቤን ነገር ነቀምቴ ላይ ሁሉም እንደመሰለው ሲያጣምመው እሰማለሁ። አንዱ ባሌ ሄዳ ቀረች ይላል፤ ሌላው ደግሞ አባቷ ረገማት ይላል። እኔ ከራሷ አፍ ስለሰማሁት እንደምንም ልሞክር። ቃል ያጎደልኩበት ቦታ ካለ እናንተው ሙሉበት።

ድርቤ ሞረዳ ልብስ ሰፊ ነበረች። ነቀምቴ ከገበያው በላይ፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አድርጋ ትሰፋለች። ሲበዛ ዓይነ አፋር ናት። ቀሚስ ያሰፋች ሴት ከርማ መጥታ «ወገቡ ጠበበኝ» ብትላት፣ ሴትዮዋ መወፈሯን በዓይኗ እያየች «እኔ ነኝ ያጠበብኩት» ብላ በነፃ ታሰፋላታለች። ወንዶች ካሉበት ድምጿ አይሰማም። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር እንኳ ከንፈሯ ነው እንጂ የሚንቀሳቀሰው፣ ድምፅ አለው ብሎ የሚምልላት የለም።

ባሏ ዋጋሪ ኮሪያ የዘመተ ነው። እዚያ ቆስሎ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ቡንሚ የሚባል የሲያም፣ ዛሬ ታይላንድ የምትባለው አገር፣ ወታደር ተኝቶ ነበር። በቋንቋ አይግባቡም። ግን የሁለቱም አንድ አንድ እግር ተሰቅሎ ስለነበር፣ ሌላ ሥራ አጥተው በእጅ ሲያወሩ ከረሙ። ሲለያዩ ቡንሚ አገሬ መጥተህ ካላየህ ብሎ አስማለው፤ ለሚስትህ ብሎም አንድ ጨርቅ ሰጠው። ያን ጊዜ ዋጋሪ ሚስት አልነበረውም። ጨርቁ ነው ቀድሞ የተገኘው።

ድርቤ ያን ጨርቅ ተቀብላ ስታገላብጠው እንቅልፍ አጣች። አበባና ወፍ ሞልቶበታል፤ ጥልፍ እንዳይባል አንድ ክር የለበትም፣ ሽመና እንዳይባል ድርና ማጉ ሌላ ነው።

«ያለ መርፌ ማን ጻፈበት?» አለችው ዋጋሪን።

«ባሊ የሚባል ደሴት አለ፤ እዚያ በሰም እየጻፉ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል አለኝ።»

«በሰም? በንብ ሰም?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄደን እንጠይቃቸዋለን።»

«ሄደን» ያላት ቃል ድርቤ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እሱ ምናልባት ረስቷታል። እሷ ግን ሰም ባየች ቁጥር ታስባታለች።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ዋጋሪ እውነትም ሊሄድ ተነሳ። በምኑ ለሚል ሰው፣ ከሸሪኩ ጋር ከነበረችው የጭነት መኪና ድርሻውን ሸጦ ነው። ዘመድ ሁሉ «ቤት ሥራበት እንጂ!» ቢለው፣ «ቤት የትም አይሄድም፤ የምሄደው እኔ ነኝ» አለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሰፌድ ዘርግቶ፣ የበቆሎ ፍሬ እየደረደረ መንገዱን ለድርቤ አሳያት። ጎረቤታቸው ሸዋጌጥም ነበረች፤ አባቷ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የቀሩ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት ናት።

«ይህቺ ጅቡቲ» አለ ዋጋሪ። «እስከዚህ በባቡር፣ ከዚህ ወዲያ በመርከብ። ይህቺ ሲንጋፑር፤ ትልቅ ወደብ ናት፣ የቻይናውም የህንዱም ሰፈር ለየብቻ አለ፣ ጥቂት ቀን እናያታለን። ከዚያ ማላያን በባቡር፣ የጎማ ዛፉን እያየን…»

«የምን ዛፍ?» አለች ሸዋጌጥ።

«የጎማ። ዛፉን ሲበጡት ወተት ይፈሰዋል፣ ያ ነው ጎማ የሚሆነው።»

«የመኪና ጎማ ዛፍ ላይ ይበቅላል ነው የምትለኝ?»

«አዎ!»

«ድርቤ እህቴ፣ ይህ ሰውዬ ኮሪያ ላይ የተመታው እግሩን ብቻ አይደለም።»

ድርቤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ዋጋሪ ግን አልተበገረም። «ከዚያ ፔናንግ። ከፔናንግ ባንኮክ። የቡንሚ ቤት እዚያ ወንዝ ላይ ነው፤ ገበያው ሁሉ በጀልባ ነው፤ ጎመን ሻጯ ራሷ ቀዝፋ ደጅህ ትመጣለች። ከዚያ ወደ ገጠር ወጥተን ሩዝ ሲተክሉ እናያለን። መነኮሳታቸው ቢጫ ለብሰው ጠዋት ጠዋት እህል ሲለምኑ…»

ይህን ሲል ዶሮዋ ከሥር ብቅ ብላ ባንኮክን ለቅማ ዋጠች።

«እሽ! እሽ! ባንኮክን በላችው!»

«ምን ታደርግ፣ አንተ ወሬ ስታበዛ እሷ ቀድማህ ገባች» አለች ሸዋጌጥ።

ሳቁ በረድ ሲል ድርቤ በጣቷ የመጨረሻዋን ፍሬ ነካች። «ይህቺስ?»

«ባሊ።»

«ባሌ ባሊ ይወስደኛል» አለች ድርቤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል።

«ባልሽ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ የት ነው የሚወስድሽ?» አለች ሸዋጌጥ።

እንዲህ እየተሳቀ፣ አንድ ነገር ግን መሃል ላይ ተጋድሞ ነበር። ድርቤ የአባቷን ምርቃት ሳታገኝ ከቤት ርቃ ሄዳ አታውቅም፤ ለትዳሯም፣ ለስፌት መኪናዋም ምርቃት ተቀብላለች። አባቷ ኦቦ ሞረዳ ቢላ የምትባል መንደር ሽማግሌ ናቸው። ልጅ ሳሉ አብሯቸው ከብት የጠበቀ ጓደኛቸው ምጽዋ ወርዶ፣ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ባሕር የሚባል ነገር በቤታቸው አይነሳም። «ባሕር የሚሻገር ልጅ አልወለድኩም» ይሉ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«አባቴ ካልመረቀኝ እቀራለሁ» አለችው ዋጋሪን።

ዋጋሪም እውነቱን ነገራት። «አንቺ ብትቀሪ እኔ እቀራለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ቡንሚ ይጠብቀኛል። ግን ብቻዬን ባይ ምን ደስ ይለኛል? ሂጂና ለምኚያቸው።»

እሱ ለጉዞው ወረቀት አዲስ አበባ ወጣ፤ እሷ እስከ ስሬ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ አድርጋ ቢላ ገባች። በመንገድ ሁሉ ቃሉን ስታለማምድ ነበር የሄደችው። ባሕር የሚለውን ከየት ላይ እንደምታስገባው ግን አላገኘችም።

ኦቦ ሞረዳ ደጃፋቸው ካለው ዋንዛ ሥር ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከጎናቸው ቀልደኛው ኦቦ ቀነዓ አሉ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ! ምነው በደህናሽ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። ከዋጋሪ ጋር አገር ልናይ ነው። ምርቃት ፈልጌ ነው።»

«አገር ማየት ደግ ነው። የት አገር?»

«ባሊ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ኦቦ ሞረዳ አንደኛው ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል።

«ባሌ!» ብለው ተነሡ። «ባሌ እኮ ወገን ነው! ከብቱ እንደኛ፣ ቋንቋው እንደኛ! እኔ በጉልበቴ ዘመን ልሄድ ተመኝቼ የቀረሁበት አገር! ቀነዓ፣ ሰማህ? ልጄ ባሌን ልታይልኝ ነው!»

ድርቤ አፏን ከፈተች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያዩዋታል። መልሳ ዘጋችው።

ኦቦ ሞረዳ እጃቸውን ዘረጉ። «መንገዱ ወተት ይሁንላችሁ!»

«ሃ ታኡ!» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ይሁን ማለታቸው ነው።

«የባሌ ወንዝ ጎድሎ ይጠብቃችሁ!»

«ሃ ታኡ!»

«የባሌ ሰው በወንድም ዓይን ይያችሁ! እንትፍ! እንትፍ!» እያሉ እንደ ወጉ መዳፏ ላይ ትንሽ ትንሽ ተፉበት። ድርቤ መዳፏን ጨብጣ ገባች። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ግን የሌላ ሰው ጫማ ያደረገች ይመስል ቆረቆራት።

«አልዋሸሁም» አለች በልቧ። «ባሊ ነው ያልኩት። ባሌ ያለው እሱ ነው።» እንዲህ ራሷን እያባበለች እስከ ስምንት ሰዓት ቆየች። ምናልባትም እንደተባበለች ትቀር ነበር፣ እትዬ የሺአረግ ባይመጡ።

እትዬ የሺአረግ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው ቢላ ላይ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ። አንድ ልጃቸው ሀብተጊዮርጊስ ባሌ፣ ጎባ ላይ ወታደር ነው። ወሬው እንደደረሳቸው አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ በሁለት እጃቸው አቅፈው ከች አሉ።

«የኔ ዓለም፣ እግዜር ነው አንቺን ያመጣልኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አጥቼ! ይህን ለሀብቴ አድርሽልኝ። እናትህ ደህና ናት በይው። ብርዱን እንዴት ቻልከው በይው።»

ድርቤ እጇን አልዘረጋችም። አባትን በጆሮው ማታለል አንድ ነገር ነው፤ የእናትን ቅቤ ይዞ ሌላ አገር መሄድ ግን የማታውቀው ዓይነት ኃጢአት ነበር። ቅሉን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«እትዬ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አለችና ወጥታ ወደ ዋንዛው ሄደች። ዕድሜ ልኳን ወንዶች መሃል ጮክ ብላ ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ በአባቷ ደህና ጆሮ በኩል ዞራ ቆመች።

«አባዬ! ባሌ አይደለም። ባሊ ነው ያልኩት። ሌላ አገር ነው። ባሕር ማዶ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ኦቦ ሞረዳ መለሱ።

«ባሕር አለበት?» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

«አለበት። ብዙ ነው።»

«ጠዋት ስመርቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ። ምርቃቱን ልመልስልህ ነው የመጣሁት።» መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው፤ እንባዋ ይወርዳል።

ኦቦ ሞረዳ መዳፏን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ሊቆጡ ነው ሲባል እንዲህ አሉ፦ «ምን ላድርገው? እንትፍ ያልኩትን መልሼ ልልሰው?»

ኦቦ ቀነዓ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ላሰው እንጂ ሞረዳ! የተፋውን የላሰ ሽማግሌ ብለን ቢላ ላይ ስም እናወጣልሃለን!»

ሳቁ ዋንዛውን ዞረው። ኦቦ ሞረዳ ብቻ አልሳቁም። ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ጎትተው አስቀመጧትና ዝግ ብለው ጠየቋት፦ «ያ ባልሽ ባሕሩን ተሻግሮ ተመልሷል አይደል?»

«ተመልሷል።»

«ምጽዋ ወርዶ የቀረው ጓደኛዬ ሳይነግረኝ ነው የሄደው። አልመረቅሁትም። ስንት ዓመት የሚቆጨኝ ባሕሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሳልመርቀው መቅረቴ ኖሯል። አንቺ ነግረሽኛል።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «በሉ ተነሡ! የጠዋቱ ለባሌ ይቀመጥላት፤ ተመልሳ ትሄድበታለች። የአሁኑን እንደ አዲስ እንመርቃለን። ልጄ፣ የአገሮቹን ስም አንድ በአንድ ጥሪ። ጮክ ብለሽ!»

ድርቤ ጠራች። በመጀመሪያ ድምጿ እንደ መርፌ ቀጠነ፤ እየቆየ ወፈረ።

«ሲንጋፑር!»

«ሲ… ሲንጋ… እሷ ትቅናችሁ!» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

«ሃ ታኡ!»

«ፔናንግ!»

«ፔናንግ እህል ውሃዋን አትንፈጋችሁ!»

«ሃ ታኡ!»

«ባንኮክ!»

«ባንክ አልሽ? ባንክ ካላቸው በዱቤ አይስጧችሁ!» አሉ ኦቦ ቀነዓ፤ ማንም አልገባውም፣ ግን ሁሉም «ሃ ታኡ!» አለ።

«ባሊ!» አለች ድርቤ፤ ይህን ማንም ደንቆሮ ይሰማዋል።

«ባሊ የሰሙን ምስጢር ይግለጥልሽ። መርከቡ ጠርዝ ላይ ግን አትቁሚ! እንትፍ! እንትፍ!»

«ሃ ታኡ!»

እትዬ የሺአረግ ቅላቸውን እንዳቀፉ ከዳር ቆመው ይሰሙ ነበር። ፊታቸው ዳምኗል። ድርቤ ሄዳ ቅሉን ተቀበለቻቸው። «እትዬ፣ እኔ ጎባ አልደርስም። ግን አዲስ አበባ ማለፋችን አይቀርም። የዋጋሪ የዘመቻ ጓደኛ ታፋ ከአዲስ አበባ ጎባ ጭነት ያመላልሳል። በእጁ እሰጠዋለሁ፤ እኔ ራሴ ነኝ የምሰጠው።»

«እስኪ ማይ!» አሉ። «ሳትሰጪው ትሄጅና!»

«አሁኑኑ ልማልልዎ?»

«ተይ ተይ፣ አትማይ። ፊትሽ ይበቃኛል።» ከዚያ ትክ ብለው አሰቡና «ለጋ ቅቤ ግን እስከዚያ ይበላሻል» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ድርቤ ገና ጤዛው ሳይረግፍ እትዬ የሺአረግ ቤት ሄደች። ሁለቱ ምድጃው ጎን ተቀምጠው ኮረሪማና ኮሰረት እየጨመሩ ቅቤውን አነጠሩት። «የዚያ አገር ሰውስ ቅቤ ይበላል?» አሉ የሺአረግ እያማሰሉ። «ከዘንባባ ፍሬ ወተት ይጨምቃሉ ብሎኛል ዋጋሪ» አለች ድርቤ። «ውይ ምስኪኖች!» ብለው አንድ ጭልፋ ቀንሰው በትንሽ ብልቃጥ ሞሉላት፤ ለሰም ጸሐፊዎቹ ቅመሱ በያቸው ብለው። ድርቤ የሀብተጊዮርጊስን ቅቤ አጥልላ በጣሳ ገለበጠች፣ አፉን በኮባ ቅጠል ሸፈነች፣ በልብስ መስፊያ ክሯ ደጋግማ ጠፍራ አሰረችው፤ ከዚያ ጣሳውን ታቅፋ በቅሎዋ ላይ ወጣች።