ዋስ ያጣ ዕጣ

ሰበታ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የነርሶች ኃላፊዋ ሜትረን መጀመሪያ ያሳዩኝ የጨቅላ ሕፃናት ማነቃቂያ ጠረጴዛውን ነው። በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን አምቡ ባግ መዳፋቸው ላይ ሞክረው፣ «ፈረቃ ስትረከቢ ይህን ሳትሞክሪ እንዳትፈርሚ» አሉኝ። ሳልሞክር ፈርሜ አላውቅም። በማታ ትምህርት አልፌ ነርስ የሆንኩት እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ ነበርና፣ የተነገረኝን ለመርሳት ጊዜ አልነበረኝም።

ከዓመታት በኋላ የማውቀው እንደማይበቃኝ ገባኝ። መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን አነቃቃለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የሚወስነው ሰው ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተፈትኜ አለፍኩ።

ኃላፊያችን «በጀት የለም» አለኝ። «በግልሽ ከከፈልሽ ግን ፈረቃሽን አመቻችልሻለሁ።»

ተስፋዬ ሁሉ የሠራተኞቹ እቁብ ላይ ሆነ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በኦሮሚያ በበረታበት ሰሞን፣ ምዝገባው ዓርብ ሊዘጋ ሰኞ ዕለት ዕጣው ለእኔ ወጣ። በደንባችን ገንዘቡን የምወስደው ገና ዕጣ ያልደረሰው አባል ዋስ ሲሆነኝ ነው፤ ከጠፋሁ ከዋሱ ድርሻ ይቆረጣል። በደህናው ጊዜ ዋስ መሆን እጅ ማውጣት ብቻ ነበር። አሁን ግን መንገዱ በየቀኑ ይዘጋል፤ ዕቃውን ጭኖ የሚሄድ ሰው አለ። እኔም ከሰሜን የመጣሁ ነኝ።

«ክፋት አይደለም ሲስተር» አለችኝ የካርድ ክፍሏ ጫልቱ። «ግን አዲስ አበባ ገብተሽ ብትቀሪስ? እኔ የቤት ኪራይ አለብኝ።»

የላቦራቶሪው ዳዊት ያገሬ ልጅ ነው። «እኔ ራሴ ነገ እዚህ መኖሬን መች አወቅሁ» ብሎ ሳቀ።

ዕጣ ካልደረሳቸው አባላት ውስጥ ያልጠየቅኳቸው የአምቡላንስ ሾፌራችን ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ነበሩ። ዕጣቸውን የሚጠብቁት ለልጃቸው ሠርግ ነው። ዋስ ሁኑኝ ለማለት አፈርኩ።

ሐሙስ ጠዋት የተወለደ አንድ ሕፃን አላለቀሰም። እናቱን አምቡላንሱ ውስጥ አስተኝተን፣ እኔ በአምቡ ባግ አየር እየሰጠሁት ወደ ሆስፒታል ይዘናቸው ወጣን። ከከተማው ሳንርቅ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይቃጠላል። መኪናው ቆመ። እኔ «አየር፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልኩ እጨምቃለሁ። ጭንብሉ ከፊቱ ትንሽ ከተላቀቀ አየሩ ውጭ ይቀራል።

ኦቦ ቶሎሳ መስኮቱን አወረዱ። «ኢጆሌ ኮ፣ ካራ ኑፍ ባና፤ ልጆቼ፣ መንገድ ክፈቱልን።»

አንዱ ወጣት አንገቱን አስገብቶ አየን። «ሴትዮዋ ምንድን ነው የምትለው?» አለ በኦሮምኛ።

«ትቆጥራለች። አታደናግራት» አሉት ኦቦ ቶሎሳ።

ድንጋዩን ራሳቸው ጎትተው አሳለፉን። ሕፃኑን በሕይወት አስረከብን።

ስንመለስ ኦቦ ቶሎሳ፣ «አንዱ ልጅ የመኪናውን በር በዱላ ሲመታው አልደነገጥሽም?» አሉኝ።

«የምን ዱላ?» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሳልጠይቃቸው የእቁቡ ዳኛ ፊት ቀርበው ፈረሙልኝ።

«ኦቦ፣ ብትጠፋስ?» አለች ጫልቱ።

«ልጄ ያለ ድንኳን ይዳራላ።»

ታክሲ ስላልነበረ የአዲስ አበባን መንገድ ግማሹን በእግሬ ሄጄ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ተመዘገብኩ።

እቁቡ ብዙም ሳይቆይ ተበተነ፤ ከደረሳቸው ውስጥ መክፈል ያቆሙ ብዙ ነበሩ። እኔ የቀረብኝን መዋጮ ከደመወዜ እየቀነስኩ፣ ላልደረሳቸው እንዲከፋፈል፣ በየወሩ ለኦቦ ቶሎሳ አስረክቤ ጨረስኩ። ትምህርቱን በዳቦና በሻይ ነው ያለፍኩት። ሠርጉ ዘገየ፤ ድንኳኑ ግን ተተከለ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ወደዚያው ጠረጴዛ ተመለስኩ።

ወጣት ነርሶች ክፍያውን ከየት እንዳመጣሁ ይጠይቁኛል። ገንዘቡን ያገኘሁት ከእቁብ ነው። ዋስ የሆነኝ ደግሞ ሥራ ላይ ያየኝ ሰው ነው።