የአበልጁ ሹመት

አንሴልሞ ሁዋሮክ በፔሩ አገር በሁዋንካዮ ከተማ ስለ ድንች በሽታ ሲያስተምር ፀጉሩ የሸበተ የእርሻ መምህር ነው። አብሮ አደጉ ቴዎዶሲዮም የእርሻ ባለሙያ ሲሆን የአንሴልሞን ሴት ልጅ ክርስትና አንስቷል።

አንድ ቀን አንሴልሞ ፀጉሩን ሲስተካከል፣ በቴሌቪዥን አዲሱ ካቢኔ ቃለ መሐላ ይፈጽም ነበር። ቀይና ነጩን መታጠቂያ በወገቡ አስሮ፣ ከመስቀሉ ፊት ተንበርክኮ የሚምለው የእርሻ ሚኒስትር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቴዎዶሲዮ።

«ያ አበልጅህ አይደለም እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ያኮሳትርሃል?»

«ምላጩ ቆረጠኝ።»

ምላጩ ግን አልነካውም።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድለት አለ። ሚስቱ ኔሊዳ፣ «ምናለ ደውለህ እንኳን ደስ ያለህ ብትለው?» ስትለው፣ «ሥራ ይበዛበታል» ይላል።

«የበዛውስ ያንተ ቅናት ነው» ትለዋለች።

የፔሩ ካቢኔ እንደሆነ የጠዋት ጤዛ ነው። ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ ምክር ቤቱ ያወርዳል፤ ሹሞቹ ወንበሩን ሳያሞቁት ይነሳሉ። አንሴልሞ በየማለዳው ሬዲዮ የሚከፍተው ይህንኑ ሲጠብቅ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ካቢኔው ወደቀ። የዚያን ዕለት ሁለት ሳህን የበግ ሾርባ ደገመ።

ሾርባው ሳይበርድ ቴዎዶሲዮ ደወለ።

«ምትክ ቢጠይቁኝ ያንተን ስም ሰጠኋቸው። ከኔ ይሻላል አልኳቸው። አጠፋሁ?»

አንሴልሞን ደስታና ንዴት ባንድ ላይ ያዙት። ለእኔ የሚደርሰኝ እሱ ሲጠግብ ነው ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ቢሆንም አዲስ ሙሉ ልብስ ገዛ፤ ጎረቤት በሙዚቃ ባንድ ሸኘው፤ ወደ ዋና ከተማዋ ሊማ ወረደ።

በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ከሌሎቹ ዕጩዎች ጋር መታጠቂያውን አሰሩለት። ከግድግዳው ወዲያ ጭቅጭቅ ይሰማል። ካቢኔውን ያዋቀረው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል የተባለው ሰው ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተጣልቶ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ። አንድ የፕሮቶኮል ሠራተኛ መጥቶ የአንሴልሞን መታጠቂያ መፍታት ጀመረ።

«ምነው?»

«ለዛሬ ቀርቷል፣ ጌታዬ።»

በማግስቱ ሌላ ካቢኔ ማለ፤ የእሱ ስም አልነበረበትም።

ሁዋንካዮ ሲመለስ አውቶቡስ ተራ ቆሞ የሚጠብቀው ቴዎዶሲዮ ነበር።

«አይዞህ፣ ምንም አልቀረብህም» ብሎ ጉንጩን ሳመው።

«አንተ አይተኸዋላ።»

ታክሲ ጠሩ። ባለታክሲው ቴዎዶሲዮን ሲያይ ዘሎ ወርዶ በሩን ከፈተ። «ክቡር ሚኒስትር፣ ከፊት ይግቡ።» በዚያ አገር አንዴ የማለ ሰው ቢሻርም ማዕረጉ ስሙ ሆኖ ይቀራል።

«እሱ ደክሞታል፣ ከፊት እሱ ይሁን» አለ ቴዎዶሲዮ።

አንሴልሞ እንዳልሰማ ሆኖ ሻንጣውን አቅፎ ከኋላ ገባ። እስከ ቤቱ ድረስ የአበልጁን ማጅራት እያየ ሄደ። ላመስግነው ብሎ ሁለቴ አፉን ከፈተ፤ ሁለቴም ግን ስለ ድንች ዋጋ አወራ።