ያላየኋትን አያቴን የሳልኩበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሃናን ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ምርጫዋን የምትሞላበት ቀን ስለደረሰ ቤታቸው ሰላም አጥቷል። አባቷ አንድ ነገር ይላል፣ እናቷ ሌላ፣ እሷ ደግሞ ሦስተኛ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን ፓፓያ እየቆረጥኩ ሳቀርብላት፣ «እትዬ ለሊሴ፣ እርስዎ ግን ሥዕል መማርን እንዴት መረጡ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስለምወደው ነዋ!» አልኳት።

ልጅቷ ፓፓያዋን በላች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቅር ሲለኝ ዋለ። መልሴ ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። እውነቱ ረዘም ይላል፤ ከአዳማ ተነስቶ ደራ ድረስ ይሄዳል።

አባቴ በአዳማና በአሰላ መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጠዋት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የተወለደው በዚያው መንገድ ላይ ካለችው ከደራ አጠገብ ባለ መንደር ነው። እናቴ የሸዋ ሰው ስትሆን ማዘጋጃ ቤት ታይፕ ትመታ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ ይነገራል፤ አባቴ ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲያባብል በኦሮምኛ ነበር። እኔ እናቴ ከቢሮ በምታመጣልኝ የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ እየሳልኩ አደግኩ። ለአባቴ ምሳ ቋጥሬ መናኸሪያ ስሄድ፣ እሱ እስኪመጣ ድረስ ዕቃቸው ላይ የተቀመጡትን መንገደኞች እስላለሁ። ዶሮ ያቀፈች ሴት፣ አፉን ከፍቶ የተኛ ነጋዴ። ይህን ማንም ሰው ሥራ ብሎ አያውቅም፤ እኔም አላልኩትም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ጥሩ ነጥብ አገኘሁና ፋርማሲ ተመደብኩ። የአባቴ ደስታ ወሰን አጣ። ከአዳማ እስከ አሰላ ያላወራበት ማቆሚያ የለም። ከሳምንት በኋላ መናኸሪያ ስደርስ ሹፌሮቹ ሁሉ «ዶክተር መጣች!» ይሉኝ ጀመር።

«አባዬ፣ ፋርማሲ እኮ ዶክተር አይደለም» አልኩት።

«መድኃኒቱን የምትሰጪው አንቺ አይደለሽ? ሐኪሙማ ወረቀት ነው የሚጽፈው።»

በዚያው ሰሞን እናቴ ከቢሮ ስትመለስ ከቦርሳዋ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አውጥታ ትራሴ ላይ አስቀመጠች። አዲስ አበባ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በፈተና እንደሚቀበል የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። «አንብቢው» አለችኝ፤ «እኔ ግን አላየሁትም።» እናቴ እንዲህ ነበረች። እሳቱን ትለኩስና ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች።

ወረቀቱን አምስት ቀን ደብቄ ይዤው በስድስተኛው ቀን ምሳ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«ሥዕል? ሥዕል ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው? የሉካንዳ በር ላይ በሬ ልትስዪ?»

«መምህርም ይሆናሉ፣ መጽሐፍ ላይም…»

«ሰው የተሰጠውን ወንበር ትቶ መሬት ላይ ይቀመጣል እንዴ!» ተነሳና እጁን ታጠበ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አላናገረኝም። ከመንገድ ሲመለስ ሁልጊዜ የሚያመጣልንን የደራ በቆሎ እሸት እንኳ ለእናቴ ሰጥቷት ያልፋል።

በአራተኛው ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። ነሐሴ ነበር። የአዳማ ዝናብ እንደሚያደርገው፣ ሙቀቱ ሰውን ካቃጠለ በኋላ ድንገት ወርዶ ቆርቆሮውን ደብድቦ ማቆሙ ነው፤ ግቢው ውስጥ የረጠበ አፈር ይሸታል።

«ሠዓሊ ነኝ ብለሻል አይደል?»

«ልማር ነው ያልኩት አባዬ።»

«እናቴን ሳዪልኝ።»

አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። ፎቶ የላትም። አንድ ጊዜ ዘዋሪ ፎቶ አንሺ ገበያ መጥቶ ተራ እንድትጠብቅ ሲነግራት «ላሜ ሳትታለብ እኔ ምን አቆመኝ?» ብላ ሄደች ይባላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፎቶ አንሺ አልመጣም፤ እሷም ብዙ አልቆየች።

«እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትስያለሽ» አለ አባቴ። «ሲያልቅ ደራ ወስደን ለእህቴ ለጌጤ እናሳያታለን። እሷ ‹እናታችን ናት› ካለች አዲስ አበባ ሄደሽ ትፈተኛለሽ። ካላለች ግን ፋርማሲ ትገቢያለሽ፣ ይህንንም ነገር ዳግመኛ አታነሺብኝም።»

«እሺ» አልኩ። በአስራ ስምንት ዓመት እሺ ማለት ቀላል ነው።

ጥያቄው እኔን ለመጣል የታሰበ ነበር ወይስ የልቡ ምኞት ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ይሆናል።

በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ እግሩን ይታጠብና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እኔ በርጩማ ላይ፣ ወረቀቱን ጣውላ ላይ ወጥሬ፣ በእርሳስ እሞክራለሁ። «ግንባሯ ሰፊ ነው» ይላል። አሰፋዋለሁ። በማግስቱ ያየውና «ኧረ እንዲህ አልነበረም፤ ጠበብ ያለ ነው» ይላል። አጠበዋለሁ። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ አይ፣ ትንሽ ነው ግን ይስቃል። አገጯ ሾጠጥ ይላል፤ አይ፣ እሱ የአክስቷ ነው። እየፋቅኩ ወረቀቱ ሳሳ። ውስጤ ተናደደ፤ ሆን ብሎ የሚያምታታኝ መሰለኝ።

መሳል በጀመርን በሦስተኛው ቀን ንግግሩን መሃል ላይ አቆመ። የግቢውን አጥር እያየ፣ «ለሊሴ፣ ፊቷ ጠፋብኝ» አለ።

እርሳሱን አስቀመጥኩ።

«ድምጿ አልጠፋኝም። ወተት ስታቀብለኝ ጎንበስ ስትል አያታለሁ። ቀሚሷ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ፊቷ ጋ ስደርስ ግን የለም።»

አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። ጎርፍ ያፈረሰው መንገድ ላይ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ የሚያልፍ ሰው ነው። «በቃ ይቅር አባዬ፣ ውርርዱም ይቅር» አልኩት። ፋርማሲውንም በልቤ ተቀብዬው ነበር፤ እንዲያ ሆኖ ከማየው ብዬ።

«አይቀርም» አለ። «ሳዪ፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለቱ ነው።

በአራተኛው ቀን ሊነግረኝ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። የአያቴን ፊት ከራሱ ከአባቴ ፊት፣ ጥቂቱን ደግሞ ከሐሳቤ አውጥቼ ሠርቼው ነበር። የእጇ ቦታ ግን ገና ባዶ ነው። አባቴ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተኝቷል። የጣቶቹ መጋጠሚያ ጎላ ጎላ ያለ፣ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈች። ሌላ እጅ ስላልነበረኝ እሱን ሳልኩ። በአራቱ ቀን ውስጥ ሳልፍቅ የጨረስኩት እሱን ብቻ ነው።

ደራ የሄድነው አባቴ ተራ በሌለው ቀን፣ በሌላ ሰው አውቶቡስ ነበር። ሥዕሉን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጠቅልዬ እጄ ላይ ያዝኩት። አባቴ ተሳፋሪ መሆን አይችልበትም። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ «ማርሽ ቀይር እንጂ!» እያለ በጥርሱ ውስጥ ያጉረመርማል። አዋሽን ተሻግረን፣ ግራሩንና ሙቀቱን ወደ ኋላ እየተውን ሄድን። ደራ ስንደርስ የተጠበሰ በቆሎ ሻጮች መስኮቱን ወረሩት። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ አንዱን በቆሎ ለእኔ በእጄ ሰጠኝ።

የአባቴን ታላቅ እህት አዳዳ ጌጤ ነበር የምንላቸው፤ አዳዳ የአባት እህት ናት። ከአስፋልቱ ወርደን በጭቃው፣ በበቆሎው እርሻ መሃል አልፈን ግቢያቸው ገባን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማያለሳልሱ ሴት ናቸው። «አካም ቡልተን!» እንዴት አደራችሁ ብለው አገላብጠው ሳሙን። ወሬ ሳይጠይቁ ጭኮ በሳህን፣ ወተት በጣሳ አቀረቡ። እንግዳ ሳይበላ ጉዳይ አይነሳም። የገብሱ ዱቄትና ቅቤው አፍ ውስጥ የሚቀልጠውን ያንን ጭኮ፣ የዚያን ቀን እንደ አሸዋ ነው ያኘኩት።

በመጨረሻ አባቴ ለምን እንደመጣን ነገራቸው። ንግግራቸው በኦሮምኛ ነበር፤ እንደማስታውሰው በአማርኛ ልጻፈው። አዳዳ ጌጤ ሥዕሉን ተቀብለው ዓይናቸው ስለደከመ ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄዱ። ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ።

አባቴ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ።

«ጥሩ ሴት ትመስላለች። ግን አላውቃትም።»

አለቀ አልኩ። አባቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የሚገርመው፣ ከራሴ ይልቅ ያሳዘነኝ እሱ ነው። እህቱ የእናቱን ፊት እንደምትመልስለት ተስፋ አድርጎ መምጣቱ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አዳዳ ሥዕሉን ሊመልሱልኝ ዘረጉና መልሰው ሳቡት።

«እጇን ማን አሳየሽ?»

«እ?»

«እጇን ነው የምልሽ! ይቺ የታጠፈች ጣት። ማነው የነገረሽ?»

«አባዬ ነገረኝ» ማለት እችል ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ምናልባት ፍርዱን ትገለብጠው ነበር። ምላሴ ላይ መጥታ እንደነበር አልክድም። «የአባዬ እጅ ነው» አልኩ። «ተኝቶ ሳለ ነው የሳልኩት።»

አዳዳ ጌጤ ሥዕሉን መደቡ ላይ አስቀምጠው የወንድማቸውን ቀኝ እጅ ያዙ። ገለበጡት፣ ትንሿን ጣት ሊያቃኑ ሞከሩ፤ አልቃናም አለች። ከዚያ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ! የእናታችንን እጅ ይዘህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዘመን መኪና ስትነዳ የኖርከው?» ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አባቴ እጁን እህቱ እጅ ላይ እንደተወ ያየዋል፤ የሰው ዕቃ ድንገት እጁ ላይ እንዳገኘ ሰው።

እኔ በዚህ መሃል ተስፋ ጀመርኩ። አዳዳ ግን ዓይናቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ፊቷ ግን አይደለም ልጄ። ውሸት አልናገርም።» ሥዕሉን አልመለሱልኝም፤ ከሣጥናቸው ላይ አኖሩት።

ስንመለስ አባቴ «ማርሽ ቀይር» አላለም። ፍሬንም አልረገጠ። ሹፌሩ እንደፈለገ ቢነዳ ግድ አልሰጠውም። እኔ በሐሳቤ የፋርማሲ መጻሕፍት እያገላበጥኩ ነበር። አዋሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል፣ «ፈተናው መቼ ነው ያልሽው?» አለ።

«የፊታችን ሐሙስ።»

«ሐሙስ ተራ የለኝም። አደርስሻለሁ።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን አላስቻለኝም። «አባዬ፣ አዳዳ እኮ አይደለችም አሉ።»

«ሰምቻለሁ» አለ።

ሐሙስ አብረን ሄድን። ፈታኞቹ ሸክላ ማሰሮና አንድ ወንበር አስቀምጠው «ሳሉ» አሉን። አባቴ ከመንገዱ ማዶ ካለ ዛፍ ሥር ቆሞ ዋለ፤ ስወጣ «እንዴት ነበር?» እንኳ አላለኝም፤ ሻይና ፓስቲ ገዛልኝ። አለፍኩ። የፋርማሲው ቦታ ለሌላ ሰው ሆነ። እናቴ ዜናውን ስትሰማ ፊቷ ላይ የታየው መገረም እንዴት ያምር እንደነበር አልረሳም፤ ምንም እንዳላየች ሰው።

አባቴ ግን ለሹፌሮቹ እውነቱን ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። እስከዚያ ድረስ «የመሐንዲስ ሥዕል ነው የምትማረው» ይላቸው ነበር። በተመረቅኩበት ዓመት ያሳየነውን ኤግዚቢሽን ለማየት ከረባት አስሮ መጣና በአንድ ትልቅ፣ መልኩ የማይለይ ሥዕሌ ፊት ቆመ። «ይሄኛው ገና አላለቀም መሰለኝ?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ትልቅ ሠዓሊ አልሆንኩም። ያኖረኝ ማስተማሩ ነው፤ ጥቂት የልጆች መጻሕፍት ላይም ሥዕሎቼ አሉ። አባቴ የፈራልኝ ነገር በከፊል ደርሶብኛል፤ ነጭ ካፖርት ለብሰው መድኃኒት የሚሰጡ እኩዮቼን እያየሁ «እሱ ይሆን ልክ የነበረው?» ያልኩባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን አልልም። አባቴም አዳዳም ካለፉ ቆይተዋል።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ለብዙ ጊዜ ያሸነፍኩበት ቀን አድርጌ ነበር የማወራው። ዕድሜዬ የዚያን ጊዜ የአባቴን ዕድሜ ካለፈ ወዲህ ሳስበው ግን ምንም አላሸነፍኩም። ውርርዱ ግልጽ ነበር፣ ዳኛዋም በግልጽ ፈርደዋል፤ ተሸንፌያለሁ። አባቴ «ሦስት ሰዓት ላይ እንነሳለን» ካለ መናኸሪያው ቢቃጠል ሦስት ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ነበር። በሕይወቱ ቃሉን ሲያጥፍ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ለእኔ ብሎ ነው።