ደሙ ንጹሕ ከሆነ በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ወረታ፣ አንድ መድኃኒት ቤት በራፍ ላይ ተራ ስጠብቅ አንዲት እናት ልጇን ስትቆጣ ሰማሁ። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች። «መድኃኒቱን ጨርሰሻል፤ ተመርምረሽም የለብሽም ተብለሻል። እንግዲህ ምን ቀረሽ?» አለቻት። እኔም ተራዬን ትቼ ወጣሁ። አስፋልቱን ተሻግሬ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ጋ፣ ገለባው እንደ ጉም ከሚበንበት ቦታ ስደርስ ነው የት እንዳለሁ የታወቀኝ።

ታላቅ ወንድሜ አስማረ ያንን ጥያቄ አንድ ኅዳር ሙሉ ሲጠየቅ ከርሟል። ከጠያቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ያኔ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እሱ ሃያ ሁለት። ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ነው። አስማረ ክረምቱ ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። እዚያ ሠላሳ ሆነው አንድ ዳስ ውስጥ ተጠጋግተው ሲያድሩ ቅማል ወረራቸው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግርሻ ይዞት መጣ። ግርሻ ቅማል የሚያስተላልፈው ትኩሳት ነው። አምስት ስድስት ቀን ያነድና ይለቃል፤ ዳነ ሲሉት ተመልሶ ይይዛል። ወረታ ወስደን አሳከምነው። መርፌ የተወጋ ዕለት አልጋው እስኪንቋቋ አንዘፈዘፈው፤ በማግስቱ ግን ትኩሳቱ ጠፋ።

ከሳምንት በኋላ ለድጋሚ ምርመራ አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ እንግሊዝኛ አጠና ስለነበር ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት። ተሕዋሲው በደሙ ውስጥ አልታየም ይላል። ሐኪሙ ድካሙና የመገጣጠሚያ ሕመሙ አንዳንድ ሰው ላይ ለወራት ሊቆይ እንደሚችል ነግሮናል። ይህን ግን አልጻፈውም። እኔ ደግሞ ያኔ የማምነው የተጻፈውን ብቻ ነበር።

ስንመለስ ሸንኮራ ገዝተን እየላጥን ሄድን። አስማረ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ተቀመጠ። ሸንኮራውን መስበር አቅቶት ሰጠኝና፣ «ጠዋት ጠዋት እጄ አልጨብጥ ይለኛል። ለአባባ እንዳትነግር» አለኝ። ለአባታችን አልነገርኩም። በልቤ ግን መተማ ሄዶ ሥራ ጠልቶ መጣ ብዬ ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ ሜዳው ደርቆ ሩዙ ወርቅማ ሆነ። ከእግር በታች ጭቃው ተሰነጣጥቆ የዓሣና የበሰበሰ ሣር ሽታ ይወጣዋል። በእኛ ማሳ ላይ ወንፈል የወጣ ዕለት አሥራ ስድስት ሰው ማጭድ ይዞ ተሰለፈ። ከአጫጆቹ መሐል አያ ገረመው ነበሩ። ልጃቸው የሻረግ ለአስማረ ታጭታ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የመጡት ለማገዝ ነው፤ አማቻቸው የሚሆነውን ሰው ሥራ ላይ ለማየትም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በእኛ ሰፈር አጨዳ ላይ ወደኋላ የቀረን ሰው ግራና ቀኙን አጭደው ባልታጨደ ሩዝ መሐል ብቻውን ያስቀሩታል። ቀልድ ነው። የተቀለደበትም ስቆ፣ ማታ ጠላ ሲጠጣ ይረሳዋል።

አስማረ እኩለ ቀን ሳይደርስ ወደኋላ ቀረ። ማጭዱን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያቀያይራል።

«አስማረ፣ ሩዙን አንድ በአንድ እየቆጠርከው ነው?» አለ አንዱ።

«ተዉት፣ ለጥር ጉልበት እያስቀመጠ ነው» አለ ሌላው። ሰው ሳቀ።

አያ ገረመው አልሳቁም። ቀና ብለው አባቴን፣ «ልጁ አልዳነም እንዴ? ካልዳነ ይንገሩኝ፤ ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ እናደርገዋለን» አሉት።

አስማረ ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁት። ቀደምኩት። እኔ ከአያ ገረመው ንግግር የሰማሁት «አልዳነም» የሚለውን ብቻ ነው፤ በሽተኛ ከተባለ ልጅቷን አይሰጡትም ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱ ኪሴ ነበር። አውጥቼ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ አነበብኩላቸው። «ደሙ ንጹሕ ነው አያ። ምንም የለበትም።»

አያ ገረመው አስማረን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ካልታመመማ እሺ» አሉና ወደ አጨዳቸው ጎንበስ አሉ።

ሰልፉ ግራና ቀኙን እያጨደ አለፈ። አስማረ መሐል ቀረ፤ ሩዙ እስከ ወገቡ ነው። ማጭዱን እንደያዘ ያየው እኔን ነበር። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያነበብኩት እውነት መሆኑን ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር።

በታኅሣሥ አያ ገረመው የላኳቸው ሽማግሌዎች መጥተው ልጅቷ ለትዳር ገና ናት አሉ። ዓመት ሙሉ ታጭታ የኖረች ልጅ ገና መሆኗን ያን ዕለት ነው የሰማነው። አስማረ ለጥምቀት እንኳ ሳይቆይ ወደ ሐሙሲት ወጣ። ሰኔ ሲገባ እጁ መጨበጥ ጀመረ አሉ፤ ማንም ሌላ መድኃኒት አልሰጠውም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬአለሁ። በሌላ አገር መዥገር የሚያስተላልፈው፣ «ላይም» የሚባል በሽታ አለ፤ ተሕዋሲው የእኛ የግርሻ ዘመድ ነው። ከታከሙት ጥቂቶቹ፣ ለወራት አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይደክማሉ፣ ያማቸዋል፣ ነገር ይጠፋቸዋል። ምክንያቱን ሐኪሞች ገና አልጨረሱትም። የሰውነት መከላከያ ጠላቱ ከሞተ በኋላም ውጊያውን አያቆም ይሆናል፤ የሞተው ተሕዋሲ ስብርባሪ ቀርቶ ይቆጠቁጠው ይሆናል፤ ነርቭ ተጎድቶ ቀስ ብሎ እያገገመ ይሆናል። መድኃኒት መደጋገሙ እንደማይጠቅም ግን ተጽፏል። ስለ ግርሻ ይህን ያህል የተጻፈ አላገኘሁም፤ ስለዚህ የወንድሜም እንዲሁ ነበር ብዬ መማል አልችልም።

ከመድኃኒት ቤቱ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት ሐሙሲት ሄድኩ። አስማረ ሽንኩርት ይነግዳል። የጆንያ አፍ እየሰፋ አገኘሁት፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ሁሉ፣ የማይታወቀውንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ቀጥዬ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። እሱ ግን መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካና ቀደመኝ።

«እንግዲያው ያኔ ታምሜ ነበር?»

«ታመህ ነበር።»

«እኔኮ ሰነፍ ነበርኩ ብዬ ነው የኖርኩት» አለ።

በሰው ፊት እንዳሳጣሁት አውቅ ነበር። በራሱም ፊት እንዳሳጣሁት ግን እስከዚያች ጠዋት አላወቅሁም።