የአቃቂ ወንዝ ጀልባ

«አቃቂ ወንዝ ላይ የመዝናኛ ጀልባ ሊገባ ነው፤ ዋና የማትችሉ ከአሁኑ ተለማመዱ!» አለ ዛሬ የሰፈራችንን ስብሰባ የመራው ባለሙያ።

ምክሩን ተቀብዬ በሻይ እረፍት ወንዙን ላየው ወረድኩ። ዛሬ ሐምራዊ ነው። ማክሰኞ አረንጓዴ ነበር። እዚህ ለወደቀ ሰው የሚያስፈልገው ዋና ሳይሆን ሐኪም ነው። ወንዙን ሳያጸዱ ጀልባ ማሰብ ሬሳ ላይ ሽቶ መርጨት ነው።

ከእረፍት ስንመለስ ሰውዬው «ለጀልባ ሽርሽር የምትወዱት የትኛውን ወንዝ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አንዱ «ጣናን» አለ። ባለሙያው አመስግኖ መዘገበው።

ወንዙ ዳር ጎመን እያለሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ጀልባው የሚቆመው የት ጋ ነው?»

«እርስዎ ማሳ ላይ ነው፣ አባቴ። ግን ሲመረቅ በነፃ እናሳፍርዎታለን።»

«ጎመኔንስ ማን ያሳፍርልኛል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያው ሳቁን እንደ ድጋፍ ቆጥሮ «እናመሰግናለን!» አለ። በእኛ ሰፈር ከመድረክ «እናመሰግናለን» ከተባለ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ያጨበጭባል። አጨበጨብን። ጋሽ ደምሴም ከልማድ የተነሳ አጨበጨቡ።

«እንግዲህ ተስማምተናል» ብሎ ባለሙያው ስብሰባውን ዘጋው።

«አይ እኔ! በገዛ ማሳዬ ላይ አጨበጭባለሁ?» ይላሉ ሽማግሌው፣ በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን እያዩ።

እናንተስ ሰፈር በጭብጨባ የሄደ ነገር አለ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ።

ቃለ ጉባኤው «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።