የአጎታችን ውለታ

ወንድሜን ቤት ውስጥ «ኢንጂነር» ነው የምንለው። ስሙን ያወጣችለት እናታችን ናት፤ ኮሌጅ በገባ በሳምንቱ። ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ሲፈልግ ሁለት ዓመት አለፈው፤ አሁን እንዲያ ብላ ስትጠራው ፊቱን ያዞራል። እሷ ግን ልማድ ሆኖባት አልተወችም።

በኮሌጁ ደንብ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ መንፈቅ ሥራ ቦታ ወጥቶ መለማመድ አለበት። ለወንድሜ የደረሰው ሞተር የሚጠገንበት ወርክሾፕ ነበር፤ ወለሉ ግራሶ፣ አለቃው ተቆጪ። ገና ከመጀመሩ ጥፍሩ ጠቁሮ ሲመጣ እናቴ ወንድሟ ጋ ደወለች። አጎታችን የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የጥገና ኃላፊ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። «የእህቴ ልጅ በዘይት ሲጨማለቅ አላይም» ብሎ ወደ ራሱ ቢሮ አዛወረው።

እዚያ ምን ተማረ? ፎቶ ኮፒ ማንሳት። ፕሪንተር ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት ማላቀቅ። ለስብሰባ ወንበር መደርደር። ወደ ጥገናው ክፍል ልውረድ ባለ ቁጥር አጎቴ «ምን አስቸኮለህ፣ ዕድሜ ልክህን ትሠራው የለ?» ይለዋል። ሲጨርስ ከመቶ መቶ ሰጠው። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ሥራ የለመድኩት የሰው ፀጉር እያቃጠልኩ፣ እየተሰደብኩ ነው። ከመቶ መቶ ሲባል ሳቄ መጣ። እናቴ ቅናት መሰላት።

ለሥራ ሲወዳደር የጽሑፍ ፈተናውን የትም ያልፋል። የሚጥለው የተግባሩ ነው። አንድ የፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ የደረሰበትን ራሱ ነው የነገረኝ። የሚያጉረመርም ግን የማይዞር ሞተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡለት። ምን እንደሆነ ወዲያው ተናገረ። ፈታኙም «ልክ ነህ፣ በል ፍታው» አለው። ወንድሜ ሶኬቱን ነቀለና ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ፣ ካፓሲተሩን፣ በባዶ እጁ ያዘ። ያ ዕቃ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ አምቆ እንደሚቆይ የፈተና ወረቀት ላይ ስንቴ ጽፎታል። እጁ ግን አያውቅም። ኤሌክትሪኩ ወለሉ ላይ ዘረረው።

«ልምምድ የት ነው የወጣኸው?» አለው ፈታኙ ደግፎ እያነሳው።

«ቢሮ።»

ከዚያ ለመነ። ያለ ደመወዝ፣ መጥረጊያም ይዤ ቢሆን፣ እዚሁ ልለማመድ አለ።

«ተማሪ ሆነህ ብትመጣ እሺ ባልንህ፤ ያኔ ኮሌጁ ይጠየቅልህ ነበር። አሁን አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከአልጋው መነሳት ተወ። ምግብ ሲቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል፤ አለመብላቱን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ፈርቻለሁ። ከሥራ ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

አንድ ተስፋ ቀረን። የአጎቴ መሥሪያ ቤት የጥገና ባለሙያ ሊቀጥር ነው፤ ከፈታኞቹ አንዱም እሱ ነው። እናቴ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለች ሸሚዝ ተኩሳ፣ እየገፋችም እየለመነችም ላከችው። ሄደ፣ ተፈተነ፣ ተመልሶ ተኛ። ማምሻውን አጎቴ ራሱ መጣ። ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«አልሆነም» አለ።

«ማነው እምቢ ያለው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም። እሱ ገጥሜዋለሁ ያለውን ሌላው አምኖ ይነካዋል። ሰው ይሞትብኛል። የተግባር ልምድ የለውም።»

«እንዴት የለውም? አንተ ጋ አይደል እንዴ የተለማመደው?»

 አጎቴ ላይ አፌን ልከፍት ስል ወንድሜ ከመኝታ ቤት ወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ተይው እማዬ፣ እውነቱን ነው» አለ። «እኔም ብሆን ራሴን አልቀጥርም።»