አምስቱ መንገዶችና የሸኮው ማር ቆራጭ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የአጎበር ጥቅል በማንሳት ነው ያለፈው። ሚዛን ተፈሪ በተመደብኩበት ጤና ተቋም «የምክር ክፍል» ተብሎ የተሰጠኝ ቤት ግማሹ መጋዘን ነበር። ጥቅሉን ወደ ጥግ ገፋሁና አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁትን ሰንጠረዥ አስገባሁ። አምስቱን ዋና ዋና የሥነ ልቦና አመለካከቶች ጎን ለጎን የሚያወዳድር፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ሰንጠረዥ ነበር።

ግድግዳ ላይ ስለጥፈው የአእምሮ ጤና ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር አልማዝ ገቡ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናቸው፤ ክፍሉን ለብዙ ዓመት ብቻቸውን ይዘውት ኖረዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ንጽጽር ነው፣ ሲስተር። አንደኛው ችግር የሚመጣው ከልጅነትና ከታፈነ ስሜት ነው ይላል። ሁለተኛው ፍርሃትም ቢሆን በልምድ የመጣ ነገር ነው፣ በልምምድ ይለቃል ይላል። ሦስተኛው የተጣመመውን ሐሳብ አቃኑ ይላል። አራተኛው ሰውየውን ሳትፈርዱ ስሙት፣ መውጫውን ራሱ ያገኘዋል ይላል። አምስተኛው አንጎልንና ሰውነትን ነው የሚያየው።»

«እኔ አምስተኛው ላይ ነኝ ማለት ነው። አንቺስ?»

«ሁለተኛው ላይ» አልኩ ሳላመነታ።

«ጥሩ። በሽተኛውም እዚያው መጥቶ ከተሰለፈልሽ እሰየው» ብለው እየሳቁ ወጡ። በጣም ተናደድኩ።

ሁለተኛውን የወደድኩት ውጤቱ ስለሚታይ ነው። ፍርሃቱን በደረጃ ትከፍለዋለህ፣ ሰውየው ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ይለምደዋል፣ አንተም በወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለህ። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራትን የቴፒ ተማሪ በአምስት ሳምንት ክፍሏ ፊት አቆምኳት። ከዚያ በኋላ ልቤ አበጠ።

ጳውሎስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከሸኮ ወጣ ካለ ቀበሌ ባለቤቱ ማርታ ይዛው መጣች። እሱ ዝምተኛ ነው፤ የተናገረችው እሷ ናት።

«ዶክተር፣ ባሌ ማር ቆራጭ ነው። አምና ታላቅ ወንድሙ ከዛፍ ወድቆ ሞተበት። ከዚያ ወዲህ ዛፍ ቀና ብሎ ካየ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። እንቅልፍም የለው። ቀፎዎቹ ሞልተዋል። ክረምቱ ሳይገባ ካልተቆረጠ ምን እንበላለን? የሟች ሚስትና ልጆቹም እጁን ነው የሚያዩት።»

ዶክተር አይደለሁም ብላትም አልሰማችኝም። ሲስተር ግፊቱን ለኩ፣ ደሙን አስመረመሩ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት አዘዙለት። በሳምንቱ እንቅልፍ ተመለሰለትና ወደ እኔ ላኩት።

ለወጉ ያህል ከአንደኛው መንገድ ጀመርኩ፤ ስለ ልጅነቱና ስለ እናቱ ጠየቅሁት። «እናቴ ደህና ናት» አለኝ። «ዛፍ ላይ የቀረው ማሩ ነው።» እኔም ደስ እያለኝ ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። ጉዳዩ የከፍታ ፍርሃት ነው ብዬ አሥር ደረጃ ጻፍኩለት፤ ከዛፉ ሥር መቆም፣ ግንዱን መንካት፣ አንድ ክንድ መውጣት፣ እያለ እስከ ቀፎው ድረስ።

በሳምንት ሁለት ቀን ሸኮ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር እየሄድኩ አሠራሁት። የማርታ ወንድም ስምዖን ከታች ገመዱን ይይዝለታል። ጳውሎስ ያልኩትን ሁሉ አደረገ። በወሩ ቀፎው ከተንጠለጠለበት ቅርንጫፍ ደርሶ ወረደ። ካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ብዬ ጻፍኩ፤ ለሲስተርም በኩራት አሳየኋቸው።

በአሥራ አምስት ቀኑ ማርታ ብቻዋን መጣች። ማሩ አልተቆረጠም።

«ወጥቶ ደርሶ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ወጥቷል። ግን እሱ ድሮም አይወጣም ነበር። ወጪው ወንድሙ ነው። ጳውሎስ ከታች ሆኖ ገመድ ያዥ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ሕክምናው እንደዚህ ነው ብለን ነዋ!»

ማር ቆረጣ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ይወጣል፤ ሌላው ከታች ገመዱን ሲሉት ያጠብቃል፣ ሲሉት ያላላል። የወጪው ነፍስ ያለችው በያዡ እጅ ነው። ጳውሎስ ቀና ሲል የሚንቀጠቀጠው ወንድሙ ሲወድቅ ያየው እዚያ ስለሆነ ነው። ስምዖን ከታች ገመድ ይዞ ሲቆም ወር ሙሉ እያየሁ፣ የአንተ ቦታ የት ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም። ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲስተር ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቁም። «ተሳስተሻል፣ ሂጂና አርሚው» አሉኝ። «የኔም መድኃኒት እንቅልፍ ይሰጣል እንጂ ገመድ አያስይዝም።»

ሄድኩ። ወረቀት አላወጣሁም። ከጳውሎስ ጋር የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠን፣ እስኪናገር ድረስ ዝም አልኩ።

«ላላ አርግልኝ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «አላላሁለት። ቅርንጫፉ ተሰበረ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ባታላላለት ኖሮስ?»

«ወደ ቀፎው መሻገር አይችልም።»

«ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አላልተህለታል?»

«ከልጅነታችን ጀምሮ። በምን ይቆጠራል?» አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ መጽሐፉ አይፈቅድም፣ ግን አለቀስኩ።

እንደገና ደረጃ አወጣን፤ ያሁኑን ያወጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ጀንፈል ቡና የሞላ ጆንያ በገመድ ሰቅሎ አወረደ። ጆንያው አልወደቀም። በሦስተኛው ቀን ሰው የሚወጣበት ተራ ደረሰ፤ ወጪው ስምዖን ነው። ስምዖን ወደ ዛፉ አየ፣ ወደ ጳውሎስ እጅ አየ።

«ልጆች አሉኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጳውሎስ ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱን ሳየው ሁሉም ነገር እዚያው ሊያበቃ እንደሆነ ገባኝ።

«እኔ እወጣለሁ» አልኩ።

የስምዖንን ትርፍ ሱሪ ከቀሚሴ ሥር አጥልቄ፣ ገመዱን ወገቤ ላይ አስረውልኝ ወጣሁ። ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም አልበለጥኩ። ወደ ጎን ልሻገር ስል ገመዱ ያዘኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ማለቱ ነው የከበደኝ።

«ጳውሎስ፣ ላላ አርግልኝ!»

ከዚያ ገመዱ አንድ ክንድ ያህል ላላና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይዤሻለሁ» አለ።

ስወርድ ስምዖን ጫማውን እያወለቀ ነበር። ማሩ ክረምት ሳይገባ ተቆረጠ።

አዲስ ለሚመደቡ ባልደረቦቼ የምነግራቸው አጭር ነው። አምስቱንም መንገድ ተማሩ፤ ለጳውሎስ ከአንደኛው በቀር አራቱ በየተራቸው ጠቅመውታል። ከሁሉም በፊት ግን ሰውየውን ሥራህን እንዴት ነው የምትሠራው ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ባለመጠየቄ አንድ ወር አባክኜበታለሁ።